ኢንጂነር ዱጋሳን ማን አስተማረው?

በእኛ ጊዜ፣ ስማኝ ሮበራ፣ በእኛ ጊዜ ሰው "ምን ትችላለህ?" ተብሎ አይጠየቅም ነበር። "የማን ልጅ ነህ? አባትህ ምን ነበረው? ማን አስተማረህ?" ነበር የሚባለው፣ በአዳራሽ፣ በሰው ፊት፣ አቁመውህ። አሁን አንተ ደግሞ በሰላም ከተቀመጥኩበት መጥተህ "እማማ ጥሩነሽ፣ መሥሪያ ቤታችን መጽሔት ሊያወጣ ነው፣ የድሮው የንድፍ ማህበር መሪዎች የሙያ ታሪካቸው ምን ነበር?" ትለኛለህ። የሙያ ታሪክ! ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ነው የሚፈላው። አትቆጪ አትበለኝ፣ እቆጣለሁ። የጻፍከውን አሁን አነበብክልኝ አይደል? "ኢንጂነር ዱጋሳ በፊታውራሪ ወርዶፋ ቸርነት ተምረው" ነው ያልከው? ቸርነት! ማን ነገረህ? አየህ፣ ሰው ነገረህ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያወራው። እንግዲህ ቁጭ በልና ከእኔ ስማ፣ በስልክህም ቅዳው፣ አልፈራም።

መሪዎቹ ሦስት ነበሩ። ከዱጋሳ ልጀምርልህ፣ ቢሮው መጀመሪያ የሱ ስለነበረ። ዱጋሳ የደንዲ ልጅ ነው፣ የጭሰኛ ልጅ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ ውጭ አገርም ሄዶ የሕንፃ ንድፍ ተምሮ የተመለሰ። ጓደኞቹ ሁሉ አዲስ አበባ ሲቀሩ እሱ አምቦ መጣ እና ወደ ጉደር መውጫ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ቢሮ ከፈተ። ያኔ እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው አናጢ ይጠራል እንጂ ንድፍ የሚባል ነገር መኖሩን ማን ያውቃል? "ኦቦ ዱጋሳ፣ ወረቀት ላይ የተሣለ ቤት ዝናብ ያስጥላል?" ይሉት ነበር። እሱ ይስቃል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ አጥቼ ስንከራተት ቀጠረኝ፣ መስመር ማስመር ከሱ ተማርኩ፣ እና "አንቱ አትበይኝ፣ እዚህ ቤት አንቱ የለም" ስላለኝ አንተ ነበር የምለው። ለዚህ ነው ዛሬም አንተ እያልኩ የምሳደበው።

ታዲያ አብዮቱ መጣ እና "የግል ቢሮ ቀርቷል፣ ማህበር ሁኑ" ተባልን፣ ሆንን። "ሦስት መሪ ይኑራችሁ" ተባለ፣ ኖሩን። ሁለተኛው ከማል ነው። ከማል ከደቡብ የመጣ ነጋዴ ነበር፣ ገበያው ዳር ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቁልፍ፣ ማጠፊያ የሚሸጥ። ጥሩ ሰው ነው፣ አላህ ይማረው፣ ምላሱ ማር ነው። ሲሚንቶ ከምድር ቢጠፋ ከማል ከየት እንደሚያመጣው አይታወቅም፣ ያመጣዋል፣ ስለዚህ የዕቃ ግዢ ኃላፊ ተባለ። እሱስ እሺ፣ ሥራው ነው።

ሦስተኛው ጓድ መኮንን። ኤዲያ! ጓድ መኮንን የስፖርት መምህር ነበር። ከአብዮቱ በፊት ሥራው ልጆች ማሯሯጥ ነው፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። ለጥቂት ወር የካድሬ ትምህርት ላኩት፣ ተመለሰ፣ ፊሽካውን ሳያወልቅ የማህበራችን የፖለቲካ ኃላፊ ሆነ። ትስቃለህ አይደል? እኛ አልሳቅንም! ጠዋት ጠዋት እኛን የንድፍ ሠራተኞቹን ግቢ ውስጥ አሰልፎ "አንድ! ሁለት! እጅ ወደ ላይ! ጓዲት ጥሩነሽ፣ ወገብሽን!" ይለኛል። ወገቤን! ከዚያ ገብቼ በዚያው በዛለ እጄ ቀጭን መስመር አስምሪ ይለኛል። ስፖርት ማስተማር ነውር ነው አላልኩም፣ ሙያ ነው፣ ግን በገዛ ሙያው ቢቀመጥ ምን ነበር?

እና በዚያ ሰሞን ትልቁ ሥራችን ክሊኒክ ነበር። ከጊንጪ ወደ ደንዲ ገባ ብላ ያለች አንዲት የገበያ መንደር ውስጥ የሚሠራ ክሊኒክ። ዱጋሳ ለዚህ ክሊኒክ እንቅልፍ አጥቷል። ንድፉ ላይ ዙሪያውን ሰፊ በረንዳ አድርጎ ነበር፣ ሰፊ፣ ሰው ከነልጁ ከነስንቁ የሚቀመጥበት። እኔ "ምነው፣ ከክፍሎቹ በረንዳው በለጠ እኮ" ስለው "ጥሩነሽ፣ ሰው ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ በቃሬዛ ነው የሚመጣው። ሐኪሙ ጋ የሚቆየው ትንሽ ነው፣ ውጭ ሲጠብቅ ነው የሚውለው። እኔ የምሠራው ለዚያ ለሚጠብቀው ነው" አለኝ። እና አመንኩት። መስመሩን በእጄ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የበረንዳውን እያንዳንዱን ምሰሶ።

ታዲያ አንድ ቀን ጓድ መኮንን ፊሽካውን ነፋና ሰበሰበን። "ከላይ የሚመጡ ጓዶች አሉ። የማህበሩን መሪዎች ያጸድቃሉ። ሦስታችንም በቀበሌው አዳራሽ በሕዝብ ፊት ቆመን የሕይወት ታሪካችንን እንናገራለን፣ የመደብ ጀርባችንን፣ ማን እንዳስተማረን፣ ምን ሠርተን እንዳደግን። እና ልምምድ እናደርጋለን" አለ። ልምምድ! ለሕይወት ታሪክ ልምምድ ሲደረግ ሰምተህ ታውቃለህ? ከማልን አስነሳው። ከማል "እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሱቅ ነበረኝ" አለ። "ቁጭ በል! ሱቅ የሚባል ነገር የለም። አንተ ኩሊ ነበርክ። ድንጋይ ስትሸከም ነው ያደግከው።" "ኧረ ጓድ መኮንን፣ ድንጋይ የት አውቄ?" "ታውቃለህ!" አለው፣ አለቀ።

ወደ ዱጋሳ ዞረ። "ያንተ ቀላል ነው፣ አንተ እውነትም የጭሰኛ ልጅ ነህ፣ እንዳንተ ያለ ታሪክ የት ይገኛል? አንድ ነገር ብቻ አውጣ። ያ ባላባት፣ ፊታውራሪ ወርዶፋ፣ አስተማረኝ የምትለውን አውጣ። 'ፊውዳሉ ረገጠን፣ እኔ በራሴ ጥረት ተማርኩ' በል። አለቀ።" ዱጋሳ እርሳሱን ይቀርጻል። እኔ ሲወጣ ተከተልኩት። "ዱጋሳ፣ በል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከማል ኩሊ ነበርኩ ሊል ነው፣ አንተ ይህን ማለት አቃተህ? ሰዎቹ ካላጸደቁህ ክሊኒኩ መኮንን እጅ ይገባል፣ መኮንን ደግሞ በረንዳውን ያነሳዋል፣ 'ቅንጦት ነው' ሲል ሰምቼዋለሁ" አልኩት፣ ለመንኩት፣ እጁን ይዤ ለመንኩት። "አስብበታለሁ" አለኝ። አስብበታለሁ!

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ የአምቦ ሰው ወሬ ይወድ የለ፣ ጠዋት ነው የሞላው። ጓድ መኮንን መጀመሪያ ተነሳ፣ ደረቱን ነፍቶ "አባቴ ግንበኛ ነበር፣ እኔ በግንብ ሥር ተወልጄ በግንብ ሥር ያደግኩ ነኝ" አለ። የመኮንን አባት የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደነበሩ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፣ ከጭሰኛው ጉርሻቸውን እየተቀበሉ የኖሩ ሰውዬ! ማን ትንፍሽ ይላል? አጨበጨቡለት፣ እኔም አጨበጨብኩ።

ከማል ተነሳ። ምስኪን፣ ላቡ ይንጠፈጠፋል። "እኔ፣ ጓዶች፣ ኩሊ ነበርኩ፣ ከልጅነቴ በጫንቃዬ ድንጋይ ስሸከም" ብሎ ሳይጨርስ ከኋላ አንዲት ሴትዮ "ከማል! አካም ነጉማ፣ ደህና ነህ ወይ! የሸጥክልኝ ቁልፍ አልከፍት ብሎ ከቤቴ ውጭ አደርኩ እኮ!" አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከላይ ከመጡት አንደኛው ሰውዬ ግን ምኑም አልገባው፣ ደስ ብሎት "እንዲህ ያለ የድንጋይ ልምድ ያለው ጓድ ቢሮ መቀመጥ የለበትም! የመንገዱ ዘመቻ ላይ የድንጋይ ተሸካሚዎች መሪ ይሁን!" አለ። እና ሆነ! ከማል በዚያ ለስላሳ እጁ እሑድ እሑድ ድንጋይ ተሸከመልህ፣ ወገቡን ይዞ ሲመጣ "ወላሂ ጥሩነሽ፣ ይህን ምላሴን በቆረጠው" ይለኝ ነበር። አሁን ነው የሚያስቀኝ።

ታዲያ ዱጋሳ ተነሳ። "እኔ የደንዲ ጭሰኛ ልጅ ነኝ" አለ፣ ጥሩ ጀመረ፣ መኮንን ራሱን ይነቀንቃል፣ እኔ በሆዴ "እሰይ፣ ቀጥል" እላለሁ። "ትምህርት ቤት ያስገቡኝ ፊታውራሪ ወርዶፋ ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ እዚህ አልቆምም ነበር። አመሰግናቸዋለሁ" አለ እና ቁጭ አለ። ቁጭ አለ! በዚያ ዘመን! ፊታውራሪ ብሎ፣ እሳቸው ብሎ፣ አመሰግናለሁ ብሎ! "አድሃሪ! የፊውዳል ቡችላ!" የሚለው ጩኸት ተነሳ፣ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው መኮንን ነው። ሊያስሩት ነበር፣ ከማል ከላይ የመጡትን ሰዎች ቤቱ ወስዶ ምሳ አብልቶ፣ "እብድ ነው፣ ሲማር ጭንቅላቱ ተነክቷል" ብሎ ነው ያተረፈው። ግን ከመሪነት አወረዱት። የገዛ ቢሮው መጋዘን ውስጥ አካፋና ዶማ ጠባቂ አደረጉት፣ እና የንድፉ ኃላፊ ማን ሆነ? የፊሽካው ጌታ!

በሳምንቱ መኮንን ንድፉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። "ይህ በረንዳ የቡርዧ ቅንጦት ነው፣ ቆርቆሮ ጨራሽ ነው፣ አውጪው።" "ጓድ፣ በሽተኛ የት ይቀመጣል?" አልኩ። "ሰፊው ሕዝብ መቆም ይችላል" አለኝ። መቆም ይችላል! አውጥቼ ሰጠሁት፣ ምን ላድርግ? እና ክሊኒኩ ተሠራ፣ አራት ማዕዘን ሳጥን፣ በሩ ቀጥታ ሜዳ ላይ የሚከፈት።

ክረምት ላይ ለቀሪ ሥራ ወደ ክሊኒኩ ተልኬ ሄድኩ። ዝናቡ የደንዲ ዝናብ ነው፣ ታውቀዋለህ። ሰው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቆሟል፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ደግሞ ቀጥታ እግሩ ላይ። አንዲት ልጅ እግር እናት ሕፃን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ፣ በጀርባዋ ዝናቡን ከልላ፣ ትንቀጠቀጣለች። "ለምን ወደ ውስጥ አትገቢም?" አልኳት። "ተራዬ አልደረሰም አሉኝ" አለች። የዚያ ሕፃን ሳል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው ቅጥል ያልኩት፣ ግን በማን መሰለህ? በመኮንን አይደለም። መኮንንማ መኮንን ነው። በዱጋሳ! አንዲት ዓረፍተ ነገር አጥቶ! ለአንድ ባላባት ምስጋና ብሎ!

እና ከዚያው በቀጥታ ወደ ጊንጪ ሄድኩ። ፊታውራሪ ወርዶፋ መሬታቸውም ቤታቸውም ተወርሶ፣ ልጃቸው ታስሮ፣ ጊንጪ ውስጥ አንዲት የቀበሌ ክፍል ተሰጥቷቸው ይኖሩ ነበር። ሰው ሰላም አይላቸውም፣ ይፈራል። አንኳኩቼ ገባሁ፣ በርጥብ ልብሴ፣ አልተቀመጥኩም። "ፊታውራሪ፣ እኔ ዱጋሳ ጋ የምሠራ ነኝ። በእርስዎ ምክንያት ከሥራው ወርዷል፣ መጋዘን ጠባቂ ሆኗል። በሕዝብ ፊት 'ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው' ብሎ አመሰገነዎት። ደስ ይበልዎት!" አልኳቸው። አየኸኝ? ያኔም እንደዚህ ነበርኩ።

ሽማግሌው "በሰው ፊት እንዲህ አለ?" አሉኝ። "አዎን አለ።" ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እና "ያ ኢንተላ፣ አኒ ሂን በርሲፍኔ" አሉ። አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ አላስተማርኩትም ማለታቸው ነው። "እንዴት አላስተማሩትም?" አልኩ። "አባቱ በሬ ይዞ መጣ። ሁለት በሬ ነበረው፣ ደህናውን ይዞ መጣ። 'ጌታዬ፣ ልጄን ትምህርት ቤት እንዲቀበሉት አንድ ቃል ይበሉልኝ' አለ። በሬውን ተቀበልኩ፣ ሰው ላክሁለት፣ ልጁ ገባ። እኔ ያደረግሁት ይህን ነው። በየዓመቱ ለልብሱም ለስንቁም የላከ አባቱ ነው። ያ ሰው ከዚያ በኋላ በአንድ በሬ ቀረ፣ ከጎረቤት ጋር እያቀናጀ ነው ያረሰ፣ የጎረቤቱ እስኪያልቅ የሱ ማሳ ጦም ይውላል፣ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚዘራ። እኔ 'ዱጋሳን ያስተማርኩት እኔ ነኝ' እያልኩ ስኮራ ኖርኩ፣ አባትየው ሲሰማ ባርኔጣውን አውልቆ ዝም ይል ነበር" አሉኝ።

ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። የጭሰኛ በሬ! ባላባቱ የጭሰኛን በሬ ወስዶ ልጁን ያስገባ! ይህ ታሪክ እኮ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቢነገር ሰዎቹ ዱጋሳን በትከሻቸው ይሸከሙት ነበር። ውሸት እንኳ አያስፈልገውም ነበር፣ እውነቱ ራሱ ያድነው ነበር! ምስኪን፣ አያውቅም፣ አባቱ ደብቀውታል አልኩ። እና አዘንኩለት፣ ነገ ልንገረው፣ ምናልባት ጉዳዩን እንደገና ያዩለታል ብዬ ተጣደፍኩ።

በማግሥቱ መጋዘን ገባሁ። አካፋ ይጠርጋል። ነገርኩት፣ እያለቀስኩ ነገርኩት፣ ስለ በሬው፣ ስለ አባቱ። ጨረስኩ። ቀና ብሎ "አውቃለሁ" አለኝ።

"ምን? ምን ታውቃለህ?"

"በሬውን እስከ ፊታውራሪ ግቢ የነዳሁት እኔ ነኝ" አለኝ።

አይ ሮበራ! አይ ልጄ! ያን ጊዜ የተናገርኩትን ልደግምልህ አልችልም። "ታዲያ ምን ነክቶህ ነው?" አልኩት። "ጥሩነሽ፣ መሬታቸው ሄደ፣ ቤታቸው ሄደ፣ ልጃቸው የት እንዳለ አያውቁም። ሰው ሲያያቸው መንገድ ይሻገራል። የቀራቸው 'ዱጋሳን አስተማርኩ' ማለት ብቻ ነው። እሷንም እኔ በአዳራሽ ልንጠቃቸው? የወደቀ ሰው ላይ እኔም ልቁም?" አለኝ፣ በዚያ ቀስ ባለ ድምፁ፣ እኔን የሚያበግነኝ ያ ድምፁ ነው።

"እና አባትህስ?" አልኩት። "በአንድ በሬ ያረሰው አባትህስ? የሱን ስም ማን ያንሳለት? ያቺ ዝናብ ላይ የቆመች ልጅ ለፊታውራሪ ክብር ነው የምትቆመው? ደግነትህን የምትሰጠው ከራስህ ኪስ ቢሆን ምን ነበር? ካባትህ ወስደህ፣ ከበሽተኛ ወስደህ ትሰጣለህ!" አልኩት። አካፋውን አስቀመጠ፣ መጋዘኑን ቆለፈ፣ ወጣ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሳንነጋገር በአንድ ግቢ ውስጥ ሠራን። ሰላምታ እንኳ በግድ ነው።

ሰው "ዱጋሳ ቅዱስ ነበር" ይለኛል። እኔ አልልም። ደግ ነበር፣ እሺ። መኮንን ውሸታም፣ ከማል ፈሪ፣ ዱጋሳ ደግ፣ እና በሦስቱ መሃል ክሊኒኩ ያለ በረንዳ ቀረ። ለቆመችው ሴት ምን ለየላት? አንተ የተማርክ ነህ፣ ንገረኝ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ዱጋሳ ሞተ፣ ታሞ ነው። ቀብሩ ላይ እንደ ደንቡ የሕይወት ታሪኩ ተነበበ፣ ቆመን እንሰማለን፣ አንባቢው "በፊታውራሪ ወርዶፋ ርዳታ ትምህርታቸውን" ሲል "ውሸት ነው!" ብዬ ጮህኩ። በሬሳ ፊት! ሴቶቹ ያዙኝ፣ "ሐዘን ነው፣ ሐዘን ነው፣ ውሃ ስጧት" ይላሉ። ምን ሐዘን ነው! ንዴት ነው! ከማል ብቻ ነው ክንዴን ይዞ "ተያቸው ጥሩነሽ፣ እኛ እናውቃለን" ያለኝ። እኛ ብናውቅ ምን ዋጋ አለው? ይኸው አንተ ደግሞ በቀለም ልታትመው መጣህ፣ ከነፎቶው፣ ቸርነት ብለህ!

ምን አልክ? ጮክ በል፣ ጆሮዬ ደክሟል።

"እማማ፣ አባትየው ማን ይባሉ ነበር?"

ማን ይባሉ ነበር አልክ? ጉታ። ጉታ ነው ስማቸው። ዱጋሳ ጉታ። አየህ፣ ሁላችንም "ኢንጂነር ዱጋሳ፣ ኢንጂነር ዱጋሳ" ስንል ኖረን፣ የአባቱን ስም ጨምሮ የጠራው አልነበረም። ይህን የጠየቀኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ። ጻፍ። ያንን ቸርነት ያልከውን ሰርዘው እና መጀመሪያ ጉታ ብለህ ጻፍ፣ የመሪዎቻችንን ከፈለግህ ከዚያ በኋላ ትጽፋለህ።